ሦስት ኢንዴክስ፣ አንድ መፈለጊያ፦ ጃቫ ላይ በሉሲን ብዙ ኢንዴክስ በአንዴ እንዴት ይፈለጋል?

«ይሄ ያንተ ሲስተም ሠራተኛ የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ?» ብለው ደወሉልኝ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ፈልገው ነው። ከላይ ተደርድረው የመጡላቸው የዓመት ፈቃድ ደብዳቤዎች ናቸው። አዋጁ አራተኛው ገጽ ላይ ተደብቋል። ሎጉን ከፈትኩ፣ ኤረር የለም። ኮዱን ሦስቴ አነበብኩት፣ ምንም አላየሁም።

ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። ሦስት ኢንዴክስ (ለፍለጋ የተዘጋጀ የሰነዶች ማውጫ) አለኝ፦ አዋጆች፣ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎች። ሦስቱን ለየብቻ እፈልግና ውጤታቸውን አንድ ላይ ቀላቅዬ በነጥብ (ውጤቱ ለፍለጋው ምን ያህል እንደሚስማማ በሚያሳየው ቁጥር) ከትልቅ ወደ ትንሽ እደረድራለሁ። ሲያዩት ትክክል ይመስላል። አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ወደታች በቁጥር አሳያችኋለሁ፣ ምክንያቱም ይህን ሳይረዱ ኮዱን ብቻ መቅዳት ያው እኔ የገባሁበት ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚከተው።

የምንጠቀመው አፓቺ ሉሲንን ነው፣ ጃቫ ላይ የተጻፈ የጽሑፍ መፈለጊያ ላይብረሪ። ኢላስቲክሰርችና ሶለር የሚባሉት የመፈለጊያ ሰርቨሮችም ውስጣቸው ሉሲን ስለሆነ፣ ኮዱ ባይሆንም እዚህ የምታገኙት ሐሳብ እዚያም ይሠራል። የክላስና የሜተድ ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው የምጽፋቸው። አይዲኢያችሁ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሆሄዎች በላቲን ስትመቱ ቀሪውን ራሱ ይሞላላችኋል።

ከመጀመራችን በፊት

ሉሲን 10 ጃቫ 21 ይፈልጋል። ሰርቨራችሁ ላይ ያለው ጃቫ 11 ወይም 17 ከሆነ ሉሲን 9ን ያዙ፣ ብዙ አይለያይም። ሜቨን ላይ ሦስት ዲፔንደንሲ ይበቃል፦ ሉሲን ኮር፣ ሉሲን አናሊሲስ ኮመን እና ሉሲን ኩዌሪፓርሰር። የሦስቱም ቨርዥን አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ 9 ሌላው 10 ከሆነ የሚመጣው ኤረር ከጉዳዩ ጋር ምንም የማይገናኝ ስለሚሆን ቀኑን ሙሉ ያዞራችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ «መልቲሰርቸር ተጠቀሙ» የሚል ብዙ ታገኛላችሁ። ያ ክላስ ከሉሲን 3.1 ጀምሮ አትጠቀሙበት ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው 4.0 ላይ ጭራሽ ተነሥቷል። አንዳንድ ኩዌሪዎችን (የፍለጋ ጥያቄዎችን) በትክክል አያስተናግድም ነበር። ዛሬ በቦታው ያለው መልቲሪደር ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። መልቲሰርቸር ፈላጊዎችን ያጣምር ነበር፣ መልቲሪደር ግን የሚያጣምረው ኢንዴክሶቹን ራሳቸውን ነው። ሉሲን ሦስቱን እንደ አንድ ትልቅ ኢንዴክስ ያያቸዋል ማለት ነው።

«ፓራለል» የሚል ስም ያላቸው ሪደሮችም (ኢንዴክስ ከፍተው የሚያነቡ ክላሶች) አሉ። እነሱን እርሷቸው። የእነሱ ሥራ ያው ሰነዶች ሆነው ፊልዶቻቸው (እንደ ርዕስና ቀን ያሉ የሰነዱ ክፍሎች) ለሁለት የተከፈሉ ኢንዴክሶችን ጎን ለጎን መስፋት ነው። የእኛ ሰነዶች የተለያዩ ናቸው።

መጀመሪያ ስሞቹን አስማሙ

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀት አውጡና የእያንዳንዱን ኢንዴክስ ፊልዶች ጻፉ። የኔ አዋጆች ላይ ዋናው ጽሑፍ «ይዘት» በሚል ፊልድ ነበር የተቀመጠው፣ ደብዳቤዎቹ ላይ ደግሞ «ጽሑፍ»። ሁለቱን የጻፍኳቸው በተለያየ ዓመት ነው፣ ምን ላድርግ። ሉሲን «ይዘት» ላይ ፈልግ ስትሉት ደብዳቤዎቹ ውስጥ ያ ፊልድ ባይኖር አይጮህም። ዝም ብሎ ከደብዳቤዎቹ ምንም አላገኘሁም ይላል። ስለዚህ አንድ ስም ምረጡ፣ የቀሩትን እንደገና ኢንዴክስ አድርጉ።

የመደርደሪያ ፊልዶች ላይ ደግሞ ዓይነቱም መመሳሰል አለበት። ቀን በአንዱ ኢንዴክስ ቁጥር፣ በሌላው ጽሑፍ ሆኖ ከተቀመጠ በቀን ልደርድር ስትሉ ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ይኼኛው እንኳን ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ይጮሃል።

እግረ መንገዳችሁን እያንዳንዱ ሰነድ ላይ «ምንጭ» የሚል ፊልድ ጨምሩ። አንድ ቃል ነው፦ አዋጅ፣ ደብዳቤ ወይም ቃለጉባኤ። ሳይቆራረጥ እንዳለ ይቀመጥ፣ ማለትም ስትሪንግፊልድ፣ ስቶር የሚለውም የስ ይሁን። በኋላ «ይህ ውጤት ከየትኛው ኢንዴክስ መጣ?» ስትሉ መልሱ እዚሁ ነው። ከሰነድ ቁጥሩ እየቀነሱ ማስላትም ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም።

አናላይዘሩ

አናላይዘር ጽሑፉን ለፍለጋ ወደሚሆኑ ቃላት የሚለውጠው ክፍል ነው። ሁሉም ኢንዴክሶች የተጻፉበት አናላይዘርና ፍለጋው የሚጠቀምበት አንድ መሆን አለባቸው። ለእንግሊዝኛ ይህ ቀላል ነው። ሉሲን ለአማርኛ የተዘጋጀ አናላይዘር ይዞ አይመጣም፣ ስለዚህ ትንሽ የእጅ ሥራ አለብን።

ጽሑፉን ቃል በቃል የሚቆርጠው ስታንዳርድቶከናይዘር ፊደላችንን ያውቃል። በባዶ ቦታ ይከፍላል፣ አራት ነጥብና ሁለት ነጥብንም ይለያል። «ዓ.ም»ን እንደ አንድ ቃል ይይዛል፣ ነጥቡ ሁለት ፊደላት መሀል ስለሆነ። «መ/ቤት»ን ግን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፣ «ዶ/ር»ንም እንዲሁ። «1156/2011»ም ሁለት ቁጥር ይሆናል። ኢንዴክሱም ፍለጋውም እኩል እስከሰነጠቁ ድረስ ችግር የለውም፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያገኛቸዋል።

ዋናው ጣጣ ሞክሼ ሆሄያት ናቸው። አዋጁ «ሠራተኛ» ይላል፣ የደብዳቤ ጸሐፊዋ «ሰራተኛ» ትላለች፣ ፈላጊው ደግሞ እጁ ላይ የመጣለትን ይመታል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። መፍትሔው ማፒንግቻርፊልተር ነው፦ ጽሑፉ ወደ ቶከናይዘሩ ሳይደርስ ሆሄያቱን ይተካል። ሠን ከነዘሮቹ ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ግዕዝና ራብዑ አንድ ድምፅ የሆኑትን አትርሱ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃ ወደ ሀ፣ ኣ እና ዓ ወደ አ ይግቡ። «ዓለም»ም «አለም»ም፣ «ፀሐይ»ም «ጸሀይ»ም ይገናኛሉ። የሚታየው ጽሑፍ አይነካም፣ የሚለወጠው ለፍለጋ የሚቀመጠው ቅጂ ብቻ ነው። የሰዋስው መምህሬ ቢያዩኝ ይቆጡኝ ይሆናል፣ ግን ሰነዱ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አናላይዘራችሁን ስትጽፉ ኢኒትሪደር የሚለውን ሜተድ ብቻ ከጻፋችሁ፣ «ሠራ*» ብሎ በኮከብ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም። የኮከብ ፍለጋ የሚያልፈው በሌላ መንገድ ነው። ኢኒትሪደርፎርኖርማላይዜሽን የሚለውንም አብራችሁ ጻፉት፣ ውስጡ ያው ነው።

ይህን ስትጨርሱ ሦስቱንም ኢንዴክስ ከዜሮ እንደገና ገንቡ። አንዱን ብቻ አድሳችሁ ሌላውን ነገ እላለሁ ብትሉ ነገ አይመጣም።

አሁን እንክፈታቸው

ሥራው እዚህ ላይ አምስት መስመር እንኳን አይሞላም። ለእያንዳንዱ ፎልደር ኤፍኤስዳይሬክተሪ ላይ ኦፕን ጥሩ፣ የተመለሰውን ለዳይሬክተሪሪደር ኦፕን ስጡት። ሦስት ሪደር ያዛችሁ። ሦስቱን ለመልቲሪደር ኮንስትራክተር አቀብሉ። መልቲሪደሩን ደግሞ ለኢንዴክስሰርቸር። በቃ። ከዚህ በኋላ ሰርች ስትሉ ሦስቱም ይፈለጋሉ።

ከመልቲሪደር ኮንስትራክተሮች የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። ሪደሮቹን ብቻ የሚቀበለው መልቲሪደሩ ሲዘጋ ሦስቱንም አብሮ ይዘጋል። ሌላው ሁለተኛ ነገር ይቀበላል፣ ትሩ ወይም ፎልስ። ፎልስ ካላችሁ የውስጦቹን የመዝጋት ኃላፊነት የእናንተ ነው። ኮማንድ ላይን ላይ አንዴ ፈልጎ ለሚያበቃ ፕሮግራም የመጀመሪያው ይበቃል። ሌት ተቀን ለሚሠራ ሰርቨር ሁለተኛውን ከፎልስ ጋር ተጠቀሙ፣ ምክንያቱ ማደሱ ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

ኢንዴክስሰርቸር ከሪደሩ ሌላ ኤክስኪውተርም ይቀበላል፣ ፍለጋውን በብዙ ትሬድ እንዲሠራ። ትንንሽ ኢንዴክስ ካላችሁ ተዉት። ሉሲን ሥራውን የሚከፋፍለው በሴግመንት (ኢንዴክሱ በተሠራባቸው ቁርጥራጮች) ነው፣ እንደ ነባሪው አሠራር አንድ ክፋይ እስከ 250,000 ሰነድ ወይም 5 ሴግመንት ይይዛል። አርባ ሺ ደብዳቤ ላይ ትሬድ መደርደር ለአንድ ጀበና ሦስት ሰው ማስነሣት ነው።

ፍለጋውን መጻፍ፣ እና ያች መከረኛ ዝንባል መስመር

ኩዌሪፓርሰር ፊልዱንና አናላይዘሩን ይቀበላል፣ ተጠቃሚው የጻፈውን ትሰጡታላችሁ፣ ኩዌሪ ይመልሳል። ተጠቃሚው «1156/2011» ሲጽፍ ግን ፓርስኤክሴፕሽን ይወረውራል። ከሉሲን 4.0 ጀምሮ ዝንባል መስመሯ (/) የሬጉላር ኤክስፕሬሽን መክፈቻ ሆናለች፣ ስለዚህ መዝጊያዋን ፍለጋ ሄዶ ሳያገኝ ይቀራል። የአዋጅ ቁጥር ያለ ዝንባል መስመር የማይጻፍበት አገር ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ተጠቃሚዎቻችሁ ተራ ሰዎች ከሆኑ ጽሑፉን መጀመሪያ በኩዌሪፓርሰር ኢስኬፕ አሳልፉት። ኢስኬፕ ኮከቡንና ትእምርተ ጥቅሱንም ተራ ያደርጋቸዋል። እነሱ እንዲሠሩ ከፈለጋችሁ ከዝንባሏ ብቻ በፊት የኋሊት ዝንባል (\) አስቀምጡ።

ተጠቃሚው «አዋጆች ብቻ» የሚል ምርጫ ካለው፣ ቡሊያንኩዌሪ ውስጥ የ«ምንጭ» ፊልዱን ፊልተር በሚለው ዓይነት ጨምሩ። መስት ብትሉትም ይሠራል ግን ነጥቡን ያዛባል፣ ፊልተር ነጥብ አይነካም።

ነጥቡ ለምን ያሳብዳል

የቃል ብርቅነት ነው ጉዳዩ። ሉሲን ከ6.0 ጀምሮ እንደ ነባሪ የሚጠቀምበት ቢኤም25 የሚባል ቀመር ነው፣ አንዱ ምሰሶው «ይህ ቃል በስንት ሰነድ ውስጥ አለ?» የሚል ጥያቄ ነው። ብርቅ ቃል ብዙ ነጥብ ያስገኛል፣ ተራ ቃል ትንሽ።

እንበልና አዋጆች ውስጥ 1,000 ሰነድ አለ፣ «ሠራተኛ» በ400ው ውስጥ ይገኛል። የብርቅነት ዋጋው 0.92 ገደማ ይወጣል። ደብዳቤዎች ውስጥ 100,000 ሰነድ አለ፣ ቃሉ ያለው በ50 ብቻ ነው። ዋጋው 7.59 ገደማ። ያው ቃል፣ ስምንት እጥፍ ልዩነት። ለየብቻ ፈልጋችሁ ስትቀላቅሉ «ሠራተኛ» የሚለውን አንዴ ጣል ያደረገ ደብዳቤ፣ ስለ ሠራተኛ ብቻ የሚያወራውን አዋጅ ጥሎት ያልፋል። የኃላፊው ስልክ ከዚህ ነው የመጣው።

በመልቲሪደር ሲሆን ግን ቆጠራው በአንድ ላይ ይሆናል፦ 101,000 ሰነድ፣ 450 መገኛ፣ ዋጋው ለሁሉም 5.41። አሁን ሰነዶቹ በእኩል ሚዛን ይመዘናሉ። ማየት ከፈለጋችሁ ኢንዴክስሰርቸር ላይ ኤክስፕሌይን የሚል ሜተድ አለ፣ ኩዌሪውንና የሰነዱን ቁጥር ስጡት፣ ስሌቱን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ያወጣላችኋል። እኔ ጥፋቴን ያገኘሁት እዚያ ላይ ነው፣ ሁለት ሰነድ አውጥቼ ጎን ለጎን ሳነባቸው።

ውጤቱን ማንበብ

ሰርች የሚመልሰው ቶፕዶክስ ነው። ውስጡ የሰነድ ቁጥርና ነጥብ አለ። ሰነዱን ለማውጣት ሰርቸሩ ላይ ስቶርድፊልድስ ብላችሁ ዶኪዩመንት ጥሩ። ቀድሞ የነበረው አጭሩ ዶክ የሚለው ሜተድ 10 ላይ የለም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የሰነድ ቁጥሩን ዳታቤዝ ውስጥ እንዳታስቀምጡ። መልቲሪደር ውስጥ ቁጥሩ የሚሰጠው በሪደሮቹ ቅደም ተከተል ነው፣ ቅደም ተከተሉ ሲቀየር ወይም ሴግመንቶች ሲዋሃዱ ሌላ ሰነድ ይሆናል። የራሳችሁን መለያ ፊልድ አስቀምጡ። ሌላው ጠቅላላ የውጤት ብዛቱ ነው። ከሉሲን 8 ጀምሮ ከ1,000 በላይ ከሆነ «ቢያንስ ይህን ያህል» ማለት ሊሆን ይችላል እንጂ ልክ አይደለም፣ ሪሌሽን የሚለውን ፊልድ አይታችሁ ስክሪኑ ላይ «ከ1,000 በላይ» ብላችሁ ጻፉ።

ማደስ፣ እውነተኛው ራስ ምታት

ሪደር የተከፈተበትን ቅጽበት ፎቶ ነው የሚያሳየው። ከዚያ በኋላ የገባ ደብዳቤ አይታየውም። ለአንድ ኢንዴክስ ቢሆን ሰርቸርማኔጀር ይህን ይሠራልናል፣ ለመልቲሪደር ግን አይሆንም። ስለዚህ በእጃችን።

በየ30 ሴኮንዱ የሚነሣ አንድ ሥራ አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ዳይሬክተሪሪደር ኦፕንኢፍቼንጅድ ይጠይቅ። ነል ከመለሰ አልተለወጠም፣ አሮጌውን ያዙ። አዲስ ሪደር ከመለሰ ያንን ያዙ። ቢያንስ አንዱ ከተለወጠ አዲስ መልቲሪደር በፎልስ ሥሩ፣ አዲስ ሰርቸር ስጡት፣ አቶሚክሪፈረንስ ውስጥ አሮጌውን ተኩት። ቀጥሎ የተተካውን ዳይሬክተሪሪደርና አሮጌውን መልቲሪደር ልቀቁ።

እዚህ ጋ ሰው ይሳሳታል። በዚያች ቅጽበት አንድ ተጠቃሚ በአሮጌው እየፈለገ ሊሆን ይችላል፣ ከሥሩ ምንጣፉን ብትስቡበት ኦልሬዲክሎዝድኤክሴፕሽን ይቀበላል፣ ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚሆን ቴስት ላይ አታገኙትም። ሉሲን ይህን ሪደሩን ስንት ፈላጊ እንደያዘው በመቁጠር ነው የሚፈታው። ፈላጊው ከመጀመሩ በፊት ሪደሩ ላይ ትራይኢንክሬፍ ይጥራ፣ ፎልስ ካለው አዲሱን ሰርቸር አምጥቶ እንደገና ይሞክር፣ ሲጨርስ ፋይናሊ ውስጥ ዴክሬፍ ይበል። በፎልስ የተሠራ መልቲሪደር የውስጦቹን ቆጠራ ሲፈጠር ከፍ፣ ሲዘጋ ዝቅ ያደርጋል፣ ስለዚህ የመጨረሻው ፈላጊ እስኪወጣ ሪደሩ በሕይወት ይቆያል። ሁሉንም በእጃችሁ ከመጻፍ ሪፈረንስማኔጀር የሚለውን ክላስ ወርሳችሁ አራት ሜተድ ብትሞሉ ይሻላል። አክዋየርና ሪሊዝ ተዘጋጅተው ይጠብቋችኋል።

መልቲሪደር የማይሆንባችሁ ከሆነ

ኢንዴክሶቹ በተለያየ ማሽን ላይ ከሆኑ ሪደሮቹን ማጣመር አይቻልም። ያኔ ለየብቻ ፈልጋችሁ ቶፕዶክስ መርጅ በሚለው ሜተድ ታዋህዳላችሁ። ከ9 ጀምሮ እያንዳንዱ ውጤት ላይ ሻርድኢንዴክስ የሚለውን ቁጥር ራሳችሁ መሙላት አለባችሁ፣ ካልሞላችሁት ሰነዱን ከየትኛው ሰርቸር እንደምታወጡት አታውቁም። ለአንዳንዱ ብቻ እንዳትሞሉ። ሦስተኛውን ገጽ በአሥር በአሥር ለማሳየት ደግሞ ከእያንዳንዱ ኢንዴክስ 30 ማምጣት አለባችሁ እንጂ 10 አይበቃም፣ ሠላሳውም ከአንዱ ሊመጡ ይችላሉና።

የነጥቡ ችግር ግን እዚህ ይመለሳል። ኢንዴክስሰርቸርን ወርሳችሁ ተርምስታቲስቲክስና ኮሌክሽንስታቲስቲክስ የሚሉትን ሁለት ሜተዶች የሁሉም ማሽኖች ድምር እንዲመልሱ ማድረግ ትችላላችሁ። ኢላስቲክሰርች ላይ ዲኤፍኤስ ኩዌሪ ዜን ፌች የሚባለው የፍለጋ ዓይነት ይህንኑ ነው የሚሠራው። ሥራው ብዙ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጨርሶ ባትቀላቅሏቸው ይሻላል፦ ከላይ «አዋጆች» ብላችሁ አምስት፣ ከሥሩ «ደብዳቤዎች» ብላችሁ አምስት። መዝገብ ቤት ያሉ ሰዎች ይህን ነው የወደዱልኝ። የሚፈልጉት ምን ዓይነት ሰነድ እንደሆነ አስቀድመው ያውቃሉ።

ሰርቨር ላይ ስትጭኑት

ሊኑክስ ላይ አንዳንዴ የተከፈቱ ፋይሎች በዙ የሚል ኤረር ይመጣል። እያንዳንዱ ኢንዴክስ ብዙ ሴግመንት፣ እያንዳንዱ ሴግመንት ብዙ ፋይል አለው፣ ኢንዴክስ በጨመራችሁ ቁጥር ይባዛል። ገደቡን ከፍ አድርጉት። ከዚያ በፊት ግን ከላይ ያለውን ዴክሬፍ በትክክል መጥራታችሁን አረጋግጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያልተዘጋ ሪደር ነው። መልቲሪደር በአጠቃላይ የሚይዘው 2,147,483,519 ሰነድ ነው። እዚያ ከደረሳችሁ ደውሉልኝ፣ ቡና እጋብዛችኋለሁ።

ሉሲን 10 በ9 የተጻፈ ኢንዴክስ ያነባል፣ በ8 የተጻፈውን አያነብም። ለ9ኙም ባክዋርድኮዴክስ የሚለውን ላይብረሪ መጨመር አለባችሁ። ከሦስቱ አንዱ የቆየ ከሆነ ገና ዳይሬክተሪሪደሩን ስትከፍቱ ኢንዴክስፎርማትቱኦልድ ይላችኋል፣ እሱን ለብቻው እንደገና መገንባት ነው። የትኛው ኢንዴክስ ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን ለማየት ሉክ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ከ8.1 ጀምሮ ከሉሲን ጋር አብሮ ይመጣል። እኔ «ይዘት» እና «ጽሑፍ» የሚሉትን ሁለት ፊልዶች ጎን ለጎን ያየሁት በእሱ ነው፣ ስልኩ ከተደወለ ከሁለት ቀን በኋላ።